ሌሊት 7 ሰዓት ተኩል ላይ ልቤ እየደለቀ እነቃለሁ፤ እንዲህ ሆኖ የተሻለው ሰው ካለ ይንገረኝ

ጥያቄ፦ ሽቲ ሰፊዋ፣ ድሬዳዋ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ጽሑፌ ስለሚረዝም ይቅርታ። አሳጥሬ ልጽፈው ሞክሬ ነበር። ሳነበው የሌላ ሰው ችግር መሰለኝና ተውኩት።

28 ዓመቴ ነው። የምኖረው ሳቢያን፣ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። መጋላ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ሽቲና መጋረጃ እሰፋለሁ። የ4 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ ከሳምንቱ ብዙውን ሌሊት መንገድ ላይ ያድራል። እናቴ አብራን ትኖራለች።

ማታ 5 ሰዓት ላይ እተኛለሁ። ለመተኛት አልቸገርም። ቀኑን ሙሉ ፔዳል ስረግጥ ስለምውል ገና ጎኔ ፍራሽ ሲነካ እንቅልፍ ይወስደኛል። 7 ሰዓት ተኩል አካባቢ ሲሆን ግን ተስፈንጥሬ እነሳለሁ። ቅዠት አይደለም፤ ያየሁት ህልም የለም። ዝም ብሎ ልቤ ይደልቃል። ድለቃው ጆሮዬ ውስጥ ይሰማኛል። ትንፋሽ ያጥረኛል፤ የሳብኩት አየር አልበቃ ይለኛል። ከዚያ ከንፈሬ ዙሪያ ይወረኛል። ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፤ ብርጭቆ ይዤ መያዜ አይታወቀኝም። ሽቲዬ በላብ ይርሳል። የድሬ ሙቀት ነው እንዳትሉኝ፤ በታኅሣሥም እንደዚያው ነው። በዚያች ሰዓት መሞቴ ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ልጄን ማን ያሳድጋታል የሚለው ነው የሚመጣብኝ።

ከዚያ እሮጣለሁ። መጀመሪያ ወደ ልጄ አልጋ፣ ቀጥሎ ወደ መስኮቱ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ልቤ ይረጋጋል። እንቅልፍ ግን አይመለስም። አዛን እስኪል ዓይኔን አፍጥጬ አድራለሁ። በሳምንት ሦስት አራት ቀን እንዲህ ነው። ጠዋት ሱቅ ስገባ ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስላል። ባለፈው ወር የአንዲት ሙሽራ ሽቲ አጥፌ ቆረጥኩ፤ ጨርቁን ከኪሴ ከፍዬ ተካሁላት።

አሁን ደግሞ ዋናውን ልንገራችሁ። ድሬ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ 1998 ዓ.ም.፣ ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት። የደቻቱ ጎርፍ። ከ200 በላይ ሰው የሞተበት። ያኔ የምንኖረው ወንዙ ዳር ነበር፤ 9 ዓመቴ ነው። ያ ሁሌ ደረቅ ሆኖ የምናውቀው አሸዋ፣ ቀን ኳስ የምንጫወትበት፣ ከደጋው የወረደ ውሃ ሞልቶት መጣ። እኔ የማስታውሰው ድምፁን ነው። ብዙ ከባድ መኪና ባንዴ ጠጠር ላይ የሚሄድ ይመስል ነበር። መሬቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቴ በሌሊት ልብሷ አዝላኝ የጎረቤት አጥር ላይ ወጣች፤ ከዚያ ጣሪያ ላይ። ጠዋት ስንወርድ የቤታችን ግድግዳ ላይ ጭቃው መስመር ሠርቶ ነበር። መስመሩ ከእኔ ቁመት በላይ ነው። ጎረቤታችን የነበሩ እናትና ልጅ አልተገኙም። ልጅቷ ጓደኛዬ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ደህና ነበርኩ። ተማርኩ፣ ሙያ ያዝኩ፣ አገባሁ። አልረሳሁትም፤ ግን እንቅልፍ ነስቶኝ አያውቅም። አምና ነሐሴ አንድ ሌሊት ከሕንጻችን ሥር ከባድ መኪና ቆሞ ሞተሩ ሳይጠፋ ቆየ። መስኮቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳላውቀው ልጄን አንስቼ ደረጃውን ወደ 4ኛ ፎቅ ስሮጥ ራሴን አገኘሁት። ያኔ ጀመረኝ። አሁን መኪናም ዝናብም ሳይኖር ይመጣል።

እስካሁን ያደረግኩትን ልንገራችሁ። አንድ የግል ክሊኒክ ሄጄ የልብ ምርመራ ተነሣሁ። ደም ሰጠሁ። "ልብሽ ደህና ነው፤ ጭንቀት ነው፤ አታስቢ" ብለው ሸኙኝ። እንዴት እንደማላስብ ግን ማንም አልነገረኝም። ጸበል ተጠመቅኩ፤ ልቤን አሳረፈልኝ፤ ሌሊቱ ግን አልቀረም። ጎረቤቴ ከእሷ መድኃኒት ግማሽ ፍሬ ሰጠችኝ። ያን ቀን አደርኩ፤ በማግስቱ ግን እስከ ቀትር ድንዝዝ ብዬ ዋልኩ። ደገመችኝ፤ ፈራሁና አልወሰድኩትም።

ማታ ከመተኛቴ በፊት ደጋው ላይ፣ ደንገጎ ላለችው አክስቴ እደውላለሁ። "ዘነበ ወይ?" እላታለሁ። የሁላችንን መታወቂያና የልጄን የልደት ካርድ በፌስታል አድርጌ በር ሥር አስቀምጣለሁ። ጫማዬን ወደ ውጭ አዙሬ። 3ኛ ፎቅ ላይ እንደምኖር አውቃለሁ። ሰውነቴ ግን አያውቅም።

የጻፍኩት በልጄ ምክንያት ነው። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ነቅታ አየችኝ። "እማዬ ማን መጣ?" አለችኝ። ምን ልበላት? ይሄ ነገር ምንድን ነው? እብደት ነው ወይ? ሌሊቱን እንዴት ነው የምታሳልፉት? ድሬ ወይ ሐረር ማን ጋ ልሂድ?


መልስ 1፦ የለገሃሬው፣ ድሬዳዋ

ልጄ፣ አይዞሽ። አላበድሽም። እብድ ሌሊት ተነስቶ ልጁን አያይም።

እኔ 56 ዓመቴ ነው። ባጃጅ እነዳ ነበር። የዛሬ 11 ዓመት ልክ አንቺ የጻፍሽው ያዘኝ፤ ጣት መደንዘዙ እንኳ ሳይቀር። በአንድ ወር ሦስት ጊዜ በሌሊት ድንገተኛ ክፍል ገባሁ። ሦስቱንም ጊዜ እዚያ ስደርስ ይለቀኛል። ሚስቴ ጫማዋን ሳታደርግ ነበር ተከትላኝ የምትወጣው።

የእኔ ነገር ከጫት ጋር የተያያዘ ነበር። ከ9 ሰዓት ጀምሬ እስከ ማታ እቅማለሁ፤ ከዚያ ለመንዳት ቡና እጠጣለሁ፤ ከዚያ ለመተኛት ሁለት ቢራ። ለሦስቱም ምክንያት ነበረኝ። ቢራው ያስተኛኝና ሌሊት ላይ መልሶ ይቀሰቅሰኛል። ጫቱ ልቤን እያስሮጠ፣ እኔ ልቤ ለምን ይሮጣል ብዬ እፈራ ነበር። አንቺ ትቅሚያለሽ አላልኩም። የሚያነብ ሌላ ሰው ይኖራል ብዬ ነው፤ በእኛ አገር ይሄን ሳይናገሩ ስለ እንቅልፍ ማውራት አይቻልም። ጫት የተወ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ሊቃዥና ሊከፋው ይችላል። እኔን አስቃዥቶኛል። ያልፋል፤ በዚያ ምክንያት ግን እንዳይመለስ።

ቡናሽን ግን ልጠይቅሽ። ስንት ጊዜ ትጠጫለሽ? የሐረርጌ ሰው ቡና ተው ሲባል ይከፋዋል፤ እኔም ከፍቶኝ ነበር። ሐኪሜ ያለኝ ይሄ ነው፦ ከጠጣሽው ቡና አምስት ስድስት ሰዓት አልፎም ግማሹ ኃይል ሰውነትሽ ውስጥ አለ። ማታ 1 ሰዓት ላይ የጠጣሽው ሌሊት 7 ሰዓት ላይ አብሮሽ ነው። እኔ ከቀትር በኋላ ተውኩት። በሁለት ሳምንት ለውጡ ታወቀኝ።

ሌላው፣ ሲመጣብኝ አልሮጥም። ይሄን ለመልመድ ወራት ወስዶብኛል። መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እግሬን ሲሚንቶው ላይ አደረግኩ፤ ቀዝቃዛ ነው። "መጣህ? እሺ፣ ና" አልኩት። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ሰዓት አየሁ። 12 ደቂቃ። በማግስቱ 10። ከዚያ በኋላ የሚያስፈራኝ ርዝመቱ እንደሆነ ገባኝ፤ ልክ ሲኖረው ፍርሃቴ ቀነሰ። አቦ፣ ሰው 10 ደቂቃ ምን አይችልም?


መልስ 2፦ ነርሷ፣ ሐረር

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሐረር ሆስፒታል ውስጥ እሠራለሁ። ሳላይሽ በሽታሽ ይሄ ነው ልልሽ አልችልም። የጻፍሽው ግን እኛ ጋ በየሳምንቱ የሚመጣ ነገር ነው፤ ስምም ሕክምናም አለው።

ድንገተኛ የፍርሃት ማዕበል ነው። ሰውነት አደጋ የሚያስጠነቅቅበት ደወል አለው። እሱ ሲደወል አድሬናሊን ይለቀቃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ላብ ይመጣል፣ ትንፋሽ ይበዛል። ደወሉ የተሠራው ለመሮጥና ለማምለጥ ነው። በ1998 እናትሽን አጥር ላይ ያወጣት እሱ ነው። አሁን አደጋ ሳይኖር ይደወላል። ማዕበሉ ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርስና ይወርዳል። ከእንቅልፍ የሚያስነሳው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ በሌሊቱ የመጀመሪያ ክፍል ይመጣል። ከህልም አይደለም የሚነሣው፤ ለዚህ ነው ያየሽው ነገር የሌለው።

ጣትሽና ከንፈርሽ የሚደነዝዘው ቶሎ ቶሎ ስለምትተነፍሺ ነው። አየር አነሰኝ ትያለሽ፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ሲበዛ ስለምታወጪ ደምሽ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወርዳል። ያ ነው የሚወርሽ፣ የሚያዞርሽም እሱ ነው። ስለዚህ በዚያ ሰዓት በረጅሙ ሳቢ የሚልሽን አትስሚ። ትንፋሽሽን ስታወጪ አርዝሚ። በአፍንጫሽ አራት እስክትቆጥሪ ሳቢ፤ ከንፈርሽን ጠበብ አድርገሽ፣ ትኩስ ሻይ እንደምታበርጂ፣ ስድስት እስክትቆጥሪ አውጪ። ትከሻሽ ከፍ ካለ እየፈጠንሽ ነው። ቀን ላይ ተለማመጂው፤ ማሽኑ ላይ ተቀምጠሽ። ሌሊት አዲስ ነገር መማር አይቻልም።

ከዚህ በላይ ግን ያሳሰበኝ ፌስታሉና ስልኩ ነው። አክስትሽን በጠየቅሽ ቁጥር ለሰውነትሽ "ዛሬም አደጋ አለ፤ ንቂ" እያልሽው ነው። ጫማውም እንደዚያው። እሱም ታዞ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ይቀሰቅስሻል። ልብ በይ፣ ጎርፍ የሚደርስበት ሰፈር የሚኖር ሰው በክረምት ንቁ መሆን አለበት፤ ለእሱ ይሄን አልልም። አንቺ ግን 3ኛ ፎቅ ላይ ነሽ። ባንዴ አትተዪው። መጀመሪያ ስልኩን፤ በሳምንቱ ጫማውን፤ መጨረሻ ላይ ፌስታሉን። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ይብሳሉ። ያ ይጠበቃል።

ከነቃሽ በኋላ 20 ደቂቃ ያህል ቆይተሽ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ ከአልጋ ውረጂ። ሰዓት እያየሽ አይደለም፤ በግምት። ደብዛዛ መብራት፣ ስልክ የሌለበት፣ እጅሽን የሚይዝ ቀላል ሥራ። እንቅልፍ ሲመጣ ተመለሺ። ጠዋት ምንም ያህል ሳትተኚ ብታድሪ በዚያችው ሰዓት ተነሺ። ቀን ላይ ረጅም እንቅልፍ አትተኚ።

ክሊኒኩ ልብሽን ማየቱ ጥሩ ነው። የታይሮይድ ምርመራና የደም ማነስ መታየቱን ጠይቂ፤ ሁለቱም ልብ ያስደልቃሉ። ታንኮራፊያለሽ ወይ? እናትሽን ጠይቂያት። ደግሞ ሥራ ስትሠሪ ወይ ደረጃ ስትወጪ ደረትሽን ካመመሽ፣ ወደ ክንድሽ ወይ መንጋጋሽ ከሄደ፣ ወይ ራስሽን ከሳትሽ፣ ጭንቀት ነው ብለሽ አትተኚ፤ ያኔውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ። መኖር ሰለቸኝ የሚል ሐሳብ ከመጣብሽም ለእናትሽ ወይ ለባለቤትሽ በዚያችው ሰዓት ንገሪ።

የጎረቤትሽን መድኃኒት አትድገሚ። ዲያዜፓምና መሰሎቹ ፈጥነው ያረጋጋሉ፤ ሰውነት ግን ይለምዳቸዋል፤ የለመደ ሰው ባንዴ ሲያቆም አደገኛ ነው። ሐኪም የሚያዘው ሌላ ዓይነት አለ፤ በየቀኑ የሚወሰድ። ሥራውን ለመጀመር ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቀቱን ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ይሄን ሳይነገራቸው በአራተኛው ቀን የሚተዉ ብዙ ናቸው። ከመድኃኒት ውጭም የንግግር ሕክምና አለ፤ ለዚህ ችግር በደንብ ይሠራል። ድሬ ላይ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ እኛ ጋ ሕይወት ፋና ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ስትሄጂ ከጎርፉ ጀምሪ። ክሊኒኩ ስለ ጎርፉ ጠይቆሽ ያውቃል? አይመስለኝም።


መልስ 3፦ መንገደኛ

ሐኪም ምን ያደርግላታል? ይሄ ዱካክ ነው። ጸበል ላይ ጠንክሪ፤ ሌላውን ተዪው።


መልስ 4፦ ነርሷ፣ ሐረር

ወንድሜ፣ ጸበሉን ማንም አልከለከላትም፤ ልቤን አሳረፈልኝ ብላለች። ዱካክ የምንለው ነቅተህ ሳለ እጅና እግርህ አልንቀሳቀስ ሲል፣ የሆነ ነገር ደረትህ ላይ የተቀመጠ ሲመስልህ ነው። እሷ ተስፈንጥራ ነው የምትነሣው። ሁለቱ ይለያያሉ። ጸልያ መድኃኒት የምትወስድ እናት እኛ ጋ ሞልታለች። መድኃኒት አቋርጣ የተመለሰችም አለች፤ ስለዚህ እባክህ ተዪው አትበላት።


መልስ 5፦ እናት ከደቻቱ ማዶ

ልጄ፣ ያን ሌሊት እኔም ነበርኩ። የጻፍሽው የጭቃ መስመር የእኔም ግድግዳ ላይ ነበር። ሦስት ጊዜ ቀለም ቀብተነዋል፤ እኔ ግን የት ጋ እንደነበረ በእጄ ላሳይሽ እችላለሁ።

እኔን እንቅልፍ ሳይሆን ወንዙ ነበር ያስቸገረኝ። አራት ዓመት አልተሻገርኩትም። ወደ ከዚራ ስሄድ በድልድዩ፣ እሱንም ዓይኔን ጨፍኜ፣ የሰው እጅ ይዤ። በኋላ ልጄ አንድ ቅዳሜ በበጋ፣ ቀን፣ ፀሐይ እያለ ይዞኝ ወረደ። አሸዋው ላይ ቆምን። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ሰው ዕቃውን ተሸክሞ ይሻገራል። ግመሎች ያልፋሉ። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። "እንሂድ" ስለው "ትንሽ እንቆይ" አለኝ። ቆየን። መንቀጥቀጡ ቆመ። በሳምንቱ ደግመን ሄድን።

ጓደኛሽን በስሟ ጥሪያት። ለልጅሽ ንገሪያት። እኛ ቤት ማንም ስለማያነሣው ነው ለብዙ ዓመት ጉሮሮዬ ላይ የቆመው። እናትሽም ታስባለች፤ አንቺን ላለማስጨነቅ ዝም ብላ ይሆናል።


ሽቲ ሰፊዋ፣ ከ9 ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዝም ያልኩት የሚነገር ነገር ሲኖረኝ ልጽፍ ብዬ ነው።

ጋሼ፣ ስለ ቡናው የጠየቁኝን መጀመሪያ ልመልስልዎ። ሱቃችን ጎን ቡና የምታፈላ ልጅ አለች፤ በቀን አምስት ስኒ እጠጣ ነበር፤ የመጨረሻዋን ሱቅ ስዘጋ። አሁን ሁለት ናት፤ ሁለቱም ጠዋት። የመጀመሪያውን ሳምንት ራሴን እያመመኝ ሰው ላይ ጮህኩ። ቡና የምታፈላዋ ልጅ የተጣላኋት መስሏት ነበር። ነገርኳት፤ አሁን ማታ ማታ ቀሺር ታፈላልኛለች፤ የቡናው ገለባ ስለሆነ ቀለል ይላል።

ሆስፒታል ሄድኩ። ሁለት ጊዜ በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ፤ የማውቀው ሰው ያየኛል ብዬ። በሦስተኛው እናቴ ተከትላኝ መጣች። ያየችኝ ሐኪም ወጣት ናት። እንደተባልኩት ከጎርፉ ጀመርኩ። ብዕሯን አስቀምጣ ሰማችኝ። የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራ አዘዘች። ታይሮይዱ ደህና ነው። የደም ማነስ ተገኘብኝ፤ የብረት እንክብል እወስዳለሁ። ለጭንቀቱም በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሳምንት በእርግጥ ባሰብኝ። ነርሷ ባትነግሪኝ ኖሮ በአራተኛው ቀን እጥለው ነበር። በየሁለት ሳምንቱም እየሄድኩ እንነጋገራለን።

ለአክስቴ መደወሉን ሳቆም እሷ ተጨንቃ ደወለችልኝ። "ምን ሆነሻል? ዝናብ አለ ወይ አላልሽም" አለችኝ። አሁን እሁድ እሁድ ስለ ጤንነቷ ብቻ አወራታለሁ። ጫማው ወደ ቦታው ተመልሷል። ፌስታሉ ግን አሁንም አለ፤ ከበሩ ሥር አንስቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ያስገባሁት። እሱን ለመተው ገና ነኝ።

ሌሊቱን እንዴት እንደማሳልፍ ልንገራችሁ። እጅሽን የሚይዝ ቀላል ሥራ ስትዪኝ የመጣልኝ መዘምዘም ነው። አንድ ነጭ የመጋረጃ ጨርቅ ለእኔ ብዬ አስቀረሁ። ሲመጣብኝ አልሮጥም፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እግሬን መሬት ላይ አድርጌ ትንፋሼን አወጣለሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ ስድስት። ጣቴ ሲመለስልኝ ወጥ ቤት እገባለሁ። ትንሿን መብራት አበራለሁ። ጠርዙን እጥፍ አድርጌ በእጄ እዘመዝማለሁ፤ ትንንሽ፣ እኩል እኩል ስፌት። መርፌ ጨርቁ ውስጥ ሲገባ የሚያሰማት ድምፅ አለች፤ ቀን ላይ በማሽን ጩኸት አትሰማም። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሌሊት አንዱን ጎን ሙሉ ጨርሼ አዛን አለ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ክንድ ያህል ስፌት ላይ ዓይኔ ይከደን ጀመር። አሁን አራት ጣት ሳልሞላ ተመልሼ እተኛለሁ። በሳምንት አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዱ ሳምንት ምንም የለም። ባለፈው ማክሰኞ ግን ክፉኛ መጣ፤ እንደ ድሮው ሆነ፤ አለቀስኩ። ሐኪሟ እንዲህ ሊሆን ይችላል ብላኝ ነበር።

እማማ፣ እርስዎ እንዳሉት አደረግኩ። ከእናቴ ጋር ቅዳሜ ቀን ደቻቱ ወረድን። ልጄን ይዘናት ነበር። እናቴ አሸዋው መሐል ቆማ የድሮ ቤታችን የነበረበትን በጣቷ አሳየቻት። እኔን አዝላ የት ጋ እንደወጣች ነገረቻት። ይሄን ሁሉ ዓመት ስትናገረው ሰምቼ አላውቅም ነበር። አጥሩ ላይ ስትወጣ እግሯን ቆርቆሮ ቆርጧት ነበር፤ ጠባሳውን አሳየችን። እግሯን በየቀኑ አያለሁ፤ ከምን እንደመጣ ግን ጠይቄ አላውቅም። እዚያው አሸዋው ላይ የጓደኛዬን ስም ጠራሁ። ልጄ "አሁን የት ናት?" አለችኝ። ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና ጠጠር መልቀም ጀመረች።

አሁን ሌሊት ነቅታ ካየችኝ "እማዬ ልቧ ሮጠ፤ አሁን ይቆማል" እላታለሁ። አጠገቤ ተቀምጣ አብራኝ ትቆጥራለች። አምስትን ትዘላለች፤ አላርማትም።

ነርሷ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ቀጠሮዬ ገና 10 ቀን አለው። ደህና ስሆን መድኃኒቱን ለስንት ጊዜ ነው የምወስደው? ባለቤቴ ተሻለሽ አይደል፣ ተዪው ይለኛል።


ነርሷ፣ ሐረር

እሰይ! ራስሽ አትተዪው። አብዛኛውን ጊዜ ከተሻለሽ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴ ዓመት ድረስ ይቀጥላል፤ ሲቆምም ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። መጠኑንና ጊዜውን ሐኪምሽ ትወስን። ለቀጠሮው ባለቤትሽን ይዘሽው ሂጂ፤ ከእሷ አፍ ይስማ።


ሽቲ ሰፊዋ

ሐሙስ ከጅቡቲ ይመለሳል። ይዤው እሄዳለሁ።